መመለሻውን የሚያውቅ መንገደኛ

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው በብዙ ቤቶች ውስጥ ስላለ፣ ነገር ግን እምብዛም ስለማይነሣ ጉዳይ ነው። በቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት መጠቀም የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። አንዳንዴ ባልየው ነው፤ አንዳንዴ ሚስትየዋ ናት፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ትልቁ ልጅ ነው። የተቀረው ቤተሰብ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ “እስቲ ይህን እይልኝ፤ እስቲ ያንን ክፈትልኝ” ይላል።

ይህ ልማድ ሲታይ ጉዳት ያለው አይመስልም። “አንዱ ካወቀ ለሁላችንም ይበቃል” ያሰኛል። ጉዳቱ የሚታየው አዋቂው ቤት ውስጥ በሌለበት ቀን ነው። የልጅ የፈተና ውጤት ወጣ ሲባል፣ የፓስፖርት ማመልከቻ የት እንደደረሰ ማየት ሲያስፈልግ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ “የላክሁትን ደብዳቤ አያችሁት?” ብሎ ሲደውል፣ ቤት የቀረው ሰው ስልኩን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ወይም ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ሰው ነግሮ ያስከፍታል። የቤታችንን ቁልፍ ለማናውቀው ሰው እንደማንሰጥ ሁሉ ይህም ሊያሳስበን ይገባል።

ለመሆኑ ያ ሰው ለምን አልተማረም? ብዙዎችን ብትጠይቋቸው “ጊዜ የለኝም” ይላሉ። ጠለቅ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ሌላ መልስ ታገኛላችሁ፤ “አንድ ነገር ብነካ እንዳላበላሸው እፈራለሁ። የገባሁበት ይጠፋኛል” የሚል ነው። እውነት ነው፤ መመለሻውን የማያውቅ መንገደኛ ከደጁ ርቆ አይሄድም። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት መሆን ያለበት ወዴት መሄድ እንደሚቻል ሳይሆን እንዴት መመለስ እንደሚቻል ነው። መመለሱን ያወቀ ሰው የቀረውን በራሱ ጊዜ ይደርስበታል።

ብራውዘር ምንድን ነው?

ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ገጾች ከፍቶ የሚያሳየን ፕሮግራም ብራውዘር ይባላል። ብዙ ሰዎች ብራውዘሩንና ጉግልን አንድ አድርገው ያያሉ፤ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። ብራውዘር የምንጓዝበት መኪና ነው ብንል፣ ጉግል በመንገድ ላይ “እገሌ ሰፈር የት ነው?” ብለን የምንጠይቀው ሰው ነው። መንገዱን የምናውቅ ከሆነ ሳንጠይቅ በቀጥታ መሄድ እንችላለን።

የመጀመሪያውን ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ ያን ጊዜ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን ብራውዘሮች ስም ብታስተውሉ ብዙዎቹ ስለ ጉዞ የሚናገሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ኔትስኬፕ ናቪጌተር ይባል ነበር፤ ናቪጌተር ማለት የመርከብን አቅጣጫ የሚመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው፤ ትርጉሙም አገር አሳሽ ማለት ነው። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሳፋሪ ደግሞ ስሙ በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከተሉ። በዘመኑ በኢንተርኔት ቤቶች ሁሉ እናየው የነበረውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 አገልግሎቱን አቋርጦታል፤ በእርሱ ምትክ ኤጅ የሚባለው አለ። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይህን የቀድሞውን ብራውዘር የምትጠቀሙ ካላችሁ ወደ ሌላ ተሻገሩ።

ስማቸው ይለያይ እንጂ የሁሉም አሠራር ተመሳሳይ ነው። መንገደኛ የሆነ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ከቻለ አይጠፋም፦ አሁን የት ነኝ? እንዴት እመለሳለሁ? ይህንን ቦታ ሌላ ቀን እንዴት አገኘዋለሁ? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ከኪቦርድ ላይ አብረው የሚጫኑ ቁልፎችን ስንጠቅስ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ስም በአማርኛ ጽፈናል። የአፕል ኮምፒዩተር ያላችሁ “ኮንትሮል” ባልንበት ብዙ ጊዜ “ኮማንድ” የሚለውን ትጫናላችሁ።

አንደኛ፦ አሁን የት ነኝ?

ከብራውዘሩ አናት ላይ ረዘም ያለ ነጭ ሣጥን አለ። በአንዳንድ ስልኮች ከታች በኩል ይገኛል። ይህ የአድራሻ መስመር ነው። ያላችሁበትን ገጽ አድራሻ ሁልጊዜ የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የማያዩት ቦታም ይኸው ነው፤ ዓይናቸው የሚያርፈው በሥዕሉና በትልልቁ ጽሑፍ ላይ ነውና።

ሥዕልና አርማ ማንም ሊቀዳው ይችላል። አንድ አታላይ የባንክን ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ገጽ አስመስሎ መሥራት አያቅተውም። አድራሻውን ግን እንዳለ መውሰድ አይችልም። ስለዚህ የይለፍ ቃል፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት የአድራሻ መስመሩን አንብቡ።

እንዴት ይነበባል? አድራሻው በነጥብ የተለያዩ ቃላት አሉት። የገጹ ባለቤት የሚታወቀው ከመጨረሻዎቹ ቃላት ነው። የእኛን አገር ስም አስቡ፤ መጀመሪያ የልጁ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ መጨረሻ የአያት ይመጣል። ማንም ለልጁ የፈለገውን ስም ሊያወጣ ይችላል፤ ልጁ ከማን ቤት እንደሆነ የሚናገረው ግን ኋላ ያለው ስም ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ “ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ” በሚል ያበቃሉ። “ጎቭ” እና “ኢቲ” የሚሉት ቃላት መካከል ላይ ገብተው መጨረሻው ላይ ግን ሌላ ስምና “ነጥብ ኮም” ካያችሁ፣ ያ ገጽ የመንግሥት አይደለም ማለት ነው። መጨረሻውን ለማግኘት በአድራሻው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ተከታታይ ዘንበል ያሉ መስመሮች እለፉና ቀጥሎ እስከሚመጣው አንድ ዘንበል ያለ መስመር ድረስ አንብቡ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ጽሑፍ በዚያው ቤት ውስጥ ያሉ ክፍሎችን የሚያመለክት ነው።

“የቁልፍ ምልክት ካለው አስተማማኝ ነው” የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ምልክቱ የሚናገረው በእናንተና በገጹ መካከል የሚሄደው መልእክት በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መሸፈኑን ብቻ ነው። የገጹ ባለቤት ታማኝ ስለመሆኑ አይመሰክርም። ሰዎች ይህን እያሳሳቱ ስላስቸገሩ ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ሥዕል አንሥቶ በሌላ ምልክት ተክቶታል።

የአድራሻ መስመሩ ሁለት ሥራ አለው። ሙሉ አድራሻ ብትጽፉበት በቀጥታ ይወስዳችኋል፤ ተራ ቃላት ብትጽፉበት ደግሞ ፍለጋ ያደርግላችኋል። ፍለጋ ስታደርጉ መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ውጤቶች ገንዘብ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከጎናቸው ወይም ከላያቸው በትንሽ ጽሑፍ ማስታወቂያ መሆናቸው ተጽፎ ይገኛል። አንድን መሥሪያ ቤት ስትፈልጉ የመጀመሪያው ውጤት ሁልጊዜ ያ መሥሪያ ቤት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በኮምፒዩተር ላይ ማውሱን ሳትነኩ ወደ አድራሻ መስመሩ ለመግባት ኮንትሮልና ኤልን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የነበረው ጽሑፍ ስለሚመረጥ ማጥፋት ሳያስፈልጋችሁ አዲሱን ትጽፋላችሁ።

ሁለተኛ፦ እንዴት እመለሳለሁ?

ከአድራሻ መስመሩ በስተግራ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት አለ። አንድ ጊዜ ስትጫኑት ወደነበራችሁበት ገጽ ይመልሳችኋል። በኪቦርድ ደግሞ ኦልት የሚለውን ከግራ ቀስት ጋር መጫን ያንኑ ይሠራል። በአንድሮይድ ስልክ የስልኩ የራሱ መመለሻ ያገለግላል፤ በአይፎን ሳፋሪ ላይ ጣታችሁን ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ብትጎትቱ ይመልሳችኋል። ከተመለሳችሁ በኋላ “ቅድም ያየሁት ይሻል ነበር” ካላችሁ ወደ ቀኝ የሚያመለክተው ቀስት ወደዚያው ይወስዳችኋል። በክሮም የአንድሮይድ ስልክ ላይ ይህ ቀስት ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። አሥር ገጽ ከሄዳችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው መመለስ ብትፈልጉ አሥር ጊዜ መጫን የለባችሁም። በኮምፒዩተር ላይ የመመለሻውን ቀስት ተጭናችሁ ጥቂት ቆዩ። ያለፋችሁባቸው ገጾች በዝርዝር ይወጣሉ፤ የምትፈልጉትን መርጣችሁ በአንድ ጊዜ ትደርሳላችሁ። አንዳንድ ድረ ገጾች ቀስቱን ስትጫኑ ዞረው እዚያው ያመጧችኋል። ከእንደዚያ ያለ አዙሪት ለመውጣትም መፍትሔው ይኸው ዝርዝር ነው።

ጀማሪዎች “ብጫነው አልመልስ አለኝ” የሚሉበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የነካችሁት ሊንክ ገጹን በአዲስ ታብ መክፈቱ ነው። አዲስ ታብ ያለፈ መንገድ ስለሌለው የሚመለስበት የለውም፤ ቀስቱም ደብዝዞ ይታያል። የቀድሞው ገጽ ግን አልጠፋም፤ ከጎኑ ባለው ታብ ላይ እንደተከፈተ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ የመጣ ሊንክ መሆኑ ነው። እነዚህ አፖች ገጹን በራሳቸው ውስጥ ባለ ትንሽ ብራውዘር ሊከፍቱት ይችላሉ፤ ስትዘጉትም አብሮ ይሄዳል። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ወይም ቅጽ የምትሞሉ ከሆነ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ በዋናው ብራውዘር እንዲከፈት አድርጉ።

ከቀስቶቹ አጠገብ ክብ የሆነ ቀስት አለ፤ ይህ ገጹን እንደ አዲስ ያመጣል። ኔትወርክ ተቋርጦ ግማሽ ብቻ የመጣ ገጽ ሲያጋጥማችሁ እርሱን ተጫኑ። በስልክ ላይ ገጹን ከላይ ወደ ታች መጎተት ያንኑ ያደርጋል። ተመልሶ ለማየት ግን ክቡን ቀስት ሳይሆን የመመለሻውን ቀስት ተጠቀሙ። ብራውዘሩ ያለፋችሁበትን ገጽ ብዙ ጊዜ ለጊዜው አስቀምጦ ስለሚያቆይ በፍጥነት ይከፈታል፤ ከገዛችሁት የኢንተርኔት ጥቅልም ብዙ አይቆርጥም።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የመመለሻ ቀስቱን መጫን የማይገባበት ቦታ አለ፤ ገንዘብ ስትከፍሉና ቅጽ ስትልኩ ነው። “ክፈል” የሚለውን ከነካችሁ በኋላ ገጹ እየዞረ ቢቆይ አትመለሱ፤ ክቡን ቀስትም አትጫኑ። ብራውዘሩ “የሞላችሁት ቅጽ እንደገና ይላክ?” የሚል ጥያቄ ካቀረበላችሁ እሺ ማለት ክፍያውን ወይም ማመልከቻውን ሁለተኛ ጊዜ መላክ ሊሆን ይችላል። ይልቁንም ጥቂት ታገሡ፤ ከባንኩ የመጣ አጭር መልእክት ካለ እዩ፤ ሂሳባችሁን ተመልከቱ። አለመከፈሉን ካረጋገጣችሁ በኋላ እንደገና ሞክሩ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ረጅም ቅጽ ስትሞሉም ወደ ኋላ ስትመለሱ የጻፋችሁት ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቅጹ ራሱ ውስጥ “ቀዳሚ” የሚል ቁልፍ ካለው በእርሱ ተመለሱ።

ሳይመለሱ መሄድም ይቻላል

ታብ ማለት በአንድ ብራውዘር ውስጥ ብዙ ገጾችን ጎን ለጎን የሚያስከፍት ነው። የስልካችሁ ቋንቋ አማርኛ ከሆነ “ትር” የሚል ስም ታዩበታላችሁ። ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። ለልጃችሁ ትምህርት ቤት እየፈለጋችሁ ነው እንበል። በፍለጋው ውጤት ላይ አምስት ትምህርት ቤቶች ወጡ። አንዱን ከፍቶ አይቶ መመለስ፣ ሁለተኛውን ከፍቶ አይቶ መመለስ ያደክማል፤ ያለፈውንም ያስረሳል። ኮንትሮልን ይዛችሁ እያንዳንዱን ሊንክ ብትነኩ ግን አምስቱም በየራሳቸው ታብ ይከፈታሉ፤ ዝርዝሩም ከቦታው አይነቃነቅም። በስልክ ላይ ሊንኩን ተጭናችሁ ጥቂት ስትቆዩ “በአዲስ ታብ ክፈት” የሚል ምርጫ ይወጣል። ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንዱን ከሌላው እያነጻጸራችሁ መነጋገር የምትችሉት እንዲህ ስታደርጉ ነው።

ኮንትሮልና ቲ አዲስ ታብ ይከፍታሉ፤ ኮንትሮልና ደብሊዩ የተከፈተውን ይዘጋሉ፤ ኮንትሮልና ታብ የሚለው ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ይህችን አትርሱ፦ የሚያስፈልጋችሁን ታብ በስሕተት ከዘጋችሁት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ ተመልሶ ይከፈታል። በክሮም የአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ የቅርብ ጊዜ ታቦች የሚለውን ብትመርጡ ታገኙታላችሁ። “አጠፋሁት” ብሎ መደንገጥ ከዚህ በኋላ ይቀራል።

ታብ ጥሩ ነው ተብሎ ግን ሠላሳና አርባ ከፍቶ መተው አይገባም። የኮምፒዩተሩን ጉልበት ይወስዳል፤ ቪዲዮ ያለባቸው ገጾች ሳታዩዋቸውም ጥቅላችሁን ሊበሉ ይችላሉ። የጨረሳችሁትን ዝጉ፤ ነገ የሚያስፈልጋችሁን ቀጥሎ በምንነግራችሁ መንገድ አስቀምጡት።

ሦስተኛ፦ ሌላ ቀን እንዴት አገኘዋለሁ?

“ባለፈው ሳምንት ያየሁት ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ” ያላለ ሰው የለም። ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ።

የመጀመሪያው “ሂስትሪ” ወይም በአማርኛው ምናሌ “ታሪክ” የሚባለው ነው። ብራውዘሩ የሄዳችሁበትን ሁሉ በቀንና በሰዓት እየመዘገበ ያስቀምጣል። በኮምፒዩተር ኮንትሮልና ኤችን ስትጫኑ ይከፈታል፤ በስልክ ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ነው። ከላይ ባለው መፈለጊያ የምታስታውሱትን አንድ ቃል ጻፉበት። ክሮም በዚህ ዝርዝር የሚያሳየው የ90 ቀን ጉዞአችሁን ስለሆነ ከዚያ በፊት ያየችሁት አይገኝም።

ሁለተኛው “ቡክማርክ” ወይም “ዕልባት” ነው። በመጽሐፍ ገጽ መካከል እንደምናስገባት ወረቀት ማለት ነው። ደጋግማችሁ የምትሄዱበት ገጽ ላይ ሳላችሁ በአድራሻ መስመሩ አካባቢ ያለችውን ኮከብ ንኩ፤ ወይም ኮንትሮልና ዲን ተጫኑ። ስሙን በአማርኛ መለወጥ ትችላላችሁ፤ “የልጆች ትምህርት ቤት”፣ “ባንክ”፣ “የእማማ ደብዳቤ” ብላችሁ ስትጽፉ እንግሊዝኛ የማያነበውም የቤተሰብ አባል ያገኘዋል። ዕልባት ከምቾት የበለጠ ጥቅም አለው። ትክክለኛውን የባንክ ገጽ አንድ ጊዜ አረጋግጣችሁ ዕልባት ካደረጋችሁት፣ በየጊዜው ከፍለጋ ውጤትና ከተላከላችሁ ሊንክ መግባት አያስፈልጋችሁም። የአታላዮችን ወጥመድ ከሚያስመልጡ ቀላል ልማዶች አንዱ ይህ ነው።

ገጹን ከፍታችሁ በውስጡ አንድ ቃል መፈለግ ስትፈልጉ ደግሞ ኮንትሮልና ኤፍን ተጫኑ፤ በስልክ ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ “በገጽ ውስጥ ፈልግ” የሚለውን ዓይነት ምርጫ ታገኛላችሁ። ሃምሳ ገጽ በሚሆን የስም ዝርዝር ውስጥ የልጃችሁን ስም በአንድ አፍታ ያወጣላችኋል። በአማርኛ ስትፈልጉ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ለእኛ ጆሮ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው። “ሠርግ” ብሎ የጻፈውን ገጽ “ሰርግ” ብላችሁ ብትፈልጉት “የለም” ሊላችሁ ይችላል። “ጸጋዬ” እና “ፀጋዬ”፣ “ኃይሉ” እና “ሀይሉ” እንደዚያው። ስለዚህ አንዱ አልገኝ ሲል ሌላውን ፊደል ሳትሞክሩ “ስሜ የለም” ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት አካባቢ ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ምክር አለን። በክሮም የአንድሮይድ ስልክ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ታያላችሁ። እርሱን ከነካችሁ ገጹ በስልካችሁ ላይ ይቀመጣል፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ከውርዶች ውስጥ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። በኮምፒዩተር ኮንትሮልና ኤስ ይህንኑ ይሠራሉ።

አንድ ስልክ፣ ብዙ ሰው

በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፤ አንዳንዴ ስልኩም የጋራ ነው። ይህ ሲሆን ብራውዘሩ የሁሉንም ጉዞ አንድ ላይ ይመዘግባል። እዚህ ላይ ባልና ሚስት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ይመጣል።

“የግል መስኮት” የሚባል ነገር እንዳለ ሰምታችኋል። ክሮም በአማርኛ “ማንነት የማያሳውቅ” ይለዋል። በእርሱ የተከፈተ ገጽ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ በታሪክ ዝርዝር ላይ አይገኝም፤ የገባችሁበት አካውንትም ይዘጋል። መልካም ጥቅም አለው። በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ወይም በኢንተርኔት ቤት ኢሜይላችሁን ስትከፍቱ እርሱን ተጠቀሙ። ለባለቤታችሁ የልደት ስጦታ ስትፈልጉም ምስጢራችሁን ይጠብቅላችኋል። ነገር ግን ሙሉ መሰወሪያ አይደለም። ያወረዳችሁት ፋይል ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀራል፤ ዕልባት ያደረጋችሁትም ይቀራል፤ የጎበኛችሁት ድረ ገጽና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው መምጣታችሁን ሊያዩ ይችላሉ።

ታዲያ የትዳር ጓደኛችን የሄደበትን ዝርዝር መክፈት ይገባናል? ዝርዝሩ የተሠራው ለባለቤቱ ማስታወሻ እንዲሆን ነው። ለመሰለል ሲውል ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ በስሕተት የተነካ ማስታወቂያም እንደ ታቀደ ጉብኝት ተመዝግቦ ስለሚገኝ ያልሆነ ጥርጣሬ ይወልዳል። ሁለተኛ፣ አንዱ መደበቅን፣ ሌላው መፈለግን ይለምዳል። ያሳሰባችሁ ነገር ካለ ጣታችሁ ሳይቀድም አፋችሁ ይቅደም፤ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። በጋራ ዕቃ ላይ ምን እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጠፋ፣ ልጆች በምን ሰዓትና የት ተቀምጠው እንደሚጠቀሙ ሁለታችሁም በግልጽ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ዕውቀት ለሌላው ሥጋት አይሆንም።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ ብራውዘሩ “ላስቀምጥልህ?” ሲላችሁ በራሳችሁ ዕቃ ላይ ከሆነ እሺ ልትሉት ትችላላችሁ፤ ስልኩ ራሱ መክፈቻ ቁጥር እንዲኖረው ግን አድርጉ። በኢንተርኔት ቤት ወይም በሰው ዕቃ ላይ ከሆነ መልሳችሁ ሁልጊዜ “አይሆንም” ይሁን። ስትጨርሱም ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ “ውጣ” የሚለውን ነክታችሁ ከአካውንቱ ውጡ።

ባልና ሚስት ሲማማሩ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። በቤታችሁ አንዱ የሚያውቅ፣ ሌላው የማያውቅ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። ለአዋቂው ወገን ሦስት ምክሮች አሉን።

አንደኛ፣ ማውሱን የሚይዘው ተማሪው ይሁን። መምህር እጁን ዘርግቶ “ተወው፣ እኔ ላድርገው” ካለ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። እጃችሁን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ በአፍ ብቻ ንገሩ። ሁለተኛ፣ በአንድ ምሽት አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ። ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሞከረ ሰው ተማሪውን ያስመርራል። ሦስተኛ፣ አትሳቁ። ለእናንተ ቀላል የሆነው ለእርሱ ወይም ለእርሷ የመጀመሪያ ቀን ነው። በልጆች ፊት የተሳቀበት ወላጅ ሁለተኛ ላይቀመጥ ይችላል።

ለተማሪው ደግሞ የአምስት ምሽት ልምምድ እንሰጣለን። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ምሽት የምታውቁትን አንድ ገጽ ክፈቱ፤ አምስት ሊንክ ተከትላችሁ ሂዱ፤ ከዚያም በቀስቱ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ቀስቱን ተጭናችሁ ቆይታችሁ በዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ተመለሱ። በሁለተኛው ምሽት አምስት አድራሻዎችን አንብባችሁ የባለቤቱን ስም ለይታችሁ ተናገሩ። በሦስተኛው ምሽት ሦስት ታብ ክፈቱ፤ አንዱን ሆን ብላችሁ ዝጉና መልሱት። በአራተኛው ምሽት ትናንት ያያችሁትን ገጽ ከታሪክ ውስጥ ፈልጋችሁ አውጡና ዕልባት አድርጉት። በአምስተኛው ምሽት አዋቂው ከክፍሉ ይውጣ፤ እናንተ ደግሞ እውነተኛ የሆነ አንድ የቤት ጉዳይ ለብቻችሁ ፈጽሙ። የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ማየት ሊሆን ይችላል፤ የልጃችሁን ደብዳቤ ከፍቶ መመለስ ሊሆን ይችላል።

በመካከል የሚጠፋችሁ ነገር ይኖራል። የማይከፈት ገጽ፣ ያልታሰበ ማስታወቂያ፣ የማታውቁት ጥያቄ ይመጣል። እንግዳ ገጽ “ስልክህ ተበላሽቷል፤ ይህን ተጫን” ቢላችሁ ምንም አትጫኑ፤ ታቡን ዝጉትና ውጡ። ገጽ መክፈትና መዝጋት ኮምፒዩተርን አያበላሽም። ጥንቃቄ የሚፈልገው የማናውቀውን ነገር ማውረድ፣ ምስጢራችንን መጻፍና ገንዘብ መክፈል ነው። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ በተቀረው ላይ ግን ያለ ፍርሃት ነካኩ።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንዲሉ፣ ዛሬ የመመለሻዋን ቀስት የለመደች እናት ከወር በኋላ የልጇን ውጤት ራሷ ከፍታ ታነባለች። ባለቤቷም ከሥራ ቦታው እየተደወለለት “ይህን እንዴት ላድርገው?” አይባልም፤ “አይቼዋለሁ፤ አልፏል” የሚል ዜና ይሰማል እንጂ። ልምምዱን ከፈጸማችሁ በኋላ ያስቸገራችሁን ጥያቄ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ አንዳችሁ ለአንዳችሁ መልሱ።